ሜዳ የማትወድ መኪና

ከተማ የሚቆረቆረው ወንዝ ባለበት፣ ገበያ የሚቆመው መንገድ በሚገናኝበት ነው ብለው የጻፉ ሊቃውንት አሉ። ብዙዎቹን አንብቤያቸዋለሁ። አንዳቸውም ግን በደርግ ዘመን ከቢቸና ሞጣ አልተጓዙም። ቢጓዙ ኖሮ በእኛ አገር ሻይ ቤት የሚከፈተው፣ ጉሊት የሚዘረጋው፣ አረቄ የሚቀዳው ቁልቁለት ላይ መሆኑን አይተው መጽሐፋቸውን ያርሙ ነበር።

ምክንያቱ ሌላ አይደለም። የሞጣው ነጋዴ የሐጂ ሰይድ የጭነት መኪና ሞተሪኖ አልነበራትም።

ሞተሪኖ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን ቀስቅሶ የሚያስነሳው ዕቃ ነው። የመኪናዋ ሲሰበር ሐጂ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ቢፈልጉ፣ መለዋወጫ ሻጩ «ይመጣል» አላቸው። በዚያ ዘመን «ይመጣል» ማለት «የለም» ማለት መሆኑን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም ነበር። ስለዚህ መኪናዋ የምትነሳው ቁልቁለት ላይ እየተንከባለለች ሆነ። ሾፌሩ ሞላ ከጎማዋ ሥር ታኮውን ያስነሳል፤ ትንከባለላለች፤ ማርሽ ያስገባል፤ አንድ ጊዜ እንደ ሽማግሌ ትስልና ትነሳለች። ነዳጅ ደግሞ በኩፖን ነው፤ ቆማ ልታቃጥለው አይገባም፤ በቆመችበት ሁሉ ትጠፋለች። ሜዳ ላይ ከጠፋች አትነሳም። እንግዲህ ከቁልቁለት ሌላ የት ትቁም?

ሕዝቡ ይህን ጠባይዋን አጠና። መጀመሪያ አንዲት ቆሎ ሻጭ ቁልቁለቱ ላይ ተቀመጠች። ቆሎ ሲኖር ሻይ አስፈለገ፤ ሻይ ሲኖር ተቀምጦ የሚያወራ ሰው መጣ፤ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ሲኖር ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ወረደ። ዓመት ሳይሞላ ከቢቸና እስከ ሞጣ ቁልቁለት በተገኘበት ሁሉ አንድ አንድ ሰፈር በቀለ። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት በሚንሸራተትበት ሻይ ቤት ሻይ ያልጠጣ የአገሬ ሰው ስለ ንግድ ባያወራ ይሻለዋል።

የሐጂን መኪና ሰው ሁሉ «ደርባባ» ነበር የሚላት። በእርጋታዋ ነው። የቢቸናን ጤፍ ጭና የዓባይን በረሃ ትወርዳለች፤ ድልድዩን ትሻገራለች፤ ጨው፣ ጋዝ፣ ሳሙናና ዘይት ጭና ትመለሳለች። የዘገየች እንደሆነ በየቤቱ እራት በጊዜ ይበላል፤ ኩራዝ የሚሞላ ጋዝ የለማ! ከዘገየች ደግሞ ጨው የሚበደርና ጨው የሚከለክል ጎረቤት ይቀያየማል። እሷ ስትመጣ ይታረቃል። ከአንድ የጭነት መኪና ይህን ያህል እርቅ ሲወርድ አይቼ ሳበቃ፣ እኔ ግን መኪና ጠላሁ።

ለምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ ስለ ወደዳት ነው። እኔ ሰው ሁሉ በተስማማበት ነገር ላይ ሆዴ ይነፋል። የቢቸና ሰው ደርባባን ባወደሰ ቁጥር እኔ ስለ በቅሎ እሰብክ ነበር። «በቅሎ ኩፖን አትጠይቅም፤ መለዋወጫዋ ይመጣል አይባልም፤ ሜዳም ቁልቁለትም ለሷ አንድ ነው» እላለሁ። «መኪና የሚጠቅመው ባለቤቷን ብቻ ነው» ብዬም እጨምራለሁ። ዳማ የምትባል በቅሎ ነበረችኝ። ክርክሩን የሚያሸንፍልኝ የእሷ አረማመድ እንጂ የእኔ አንደበት እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል።

ነገሩ የመጣው በታናሽ ወንድሜ በሙሉጌታ ነው።

ሙሉጌታ ቢቸና ያስተምራል፤ የሞጣውን ግራዝማች ደምሴን ልጅ የሺን ወዷል። አባታችን በሕይወት ስለሌሉ ሽማግሌዎቹን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። የግራዝማችን ማዕረግ ደርግ ሽሮታል ይባላል፤ የሞጣ ሰው ግን አልሻረውም፤ ግራዝማችም አልሰሙም።

«ልጄን እሰጣለሁ» አሉ፣ ካረፍንበት አግዳሚ ፊት ቆመው። «ግን ከደጄ በበቅሎ አትወጣም። በመኪና ነው።»

ለበቅሎ ክብር ቆሜ፣ «በቅሎ ምን አደረገችዎ ግራዝማች?» አልኩ።

«በቅሎማ ምን ታደርጋለች? ያደረገኝ ያ ነው» ብለው በአገጫቸው ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቤት አመለከቱን። የነጋዴው የታደገ ቤት ነው። «ልጁን ሲድራት በመንግሥት መኪና ወሰዱለት። ከዚያ ወዲህ ዘመኑን የሚቆጥረው በማርቆስ በሉቃስ አይደለም፤ ‹መኪና ደጄ በመጣ ጊዜ› እያለ ነው። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ መኪናዋን ያነሣል።»

ሽማግሌዎቹ ሳል ሳል አሉ።

«ደግሞ» አሉ ግራዝማች፣ «ሰርጉ በቅበላ እሑድ ነው። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ቅበላ ካለፈ ቃሌም አለፈ። ከደብረ ማርቆስ የላከብኝ ሌላ ጠያቂ አለ፤ መኪናው የራሱ ባይሆንም መሪ ጨብጦ የሚያድር ሰው ነው።»

ሙሉጌታ ይህን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ከፋሲካ ወዲያ እንሞክር የሚባልበት ጊዜ አልነበረማ። ስሙ በቀበሌ አንድ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ እስከ ፋሲካ ማን ለዘመቻ እንደሚጠራ፣ ማንስ ከቤቱ እንደሚያድር የሚያውቅ አልነበረም። «ጋሼ፣ ቅበላ ካለፈ የሺ ከእጄ ሄደች» አለኝ። ወንድሜ ብዙ አይናገርም። ስለዚህ ያን ሁሉ የበቅሎ ስብከቴን ዋጥ አድርጌ ሐጂ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ።

ሐጂ ትልቅ ሰው ናቸው። «የግራዝማች ልጅ እጄ ላይ ያደገች ናት» አሉ። «ኪራይ የሚባል ነገር አታንሳብኝ። ግን ስማ፤ ጾም ሊገባባችሁ ነው። በየመንገዱ ዘይትና ጨው የሚጠብቅ ሰው አለ። ደርባባ ሙሽራ ልታመጣ ብላ የሰው ጾም አታበላሽም። አደራዋን እያራገፈች ነው የምትሄደው።»

የሰው ጾም እንዳላበላሽ እስላሙ ነጋዴ ሲጨነቁልኝ ምን ልበል? እሺ አልኩ።

እሺ ብልም አንድ ነገር ግን አደረግኩ። ለክፉ ቀን ይሁን ብዬ ዳማን ሸልሜ፣ ከአንድ ዘመዴ ጋር ቀደም አድርጌ ወደ ሞጣ ሰደድኳት። ለማንም አልነገርኩም።

እሑድ ንጋት ላይ ከቢቸና ወጣን። ሙሽራውና እኔ ጋቢና ውስጥ ከሞላ ጎን፣ ሚዜዎቹና አጃቢው ከላይ በጨው ከረጢት ላይ ተቀምጠዋል፤ የጎን ሳንቃዋን፣ ስፖንዳውን፣ እየደበደቡ ይዘፍናሉ። ሞላ ትሕትና የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነው። «ከዚህ እስከ ባሕር ዳር ያሉትን ቁልቁለቶች በስማቸው ነው የምጠራቸው» አለን። «አቀበቶቹንስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አቀበት ከኋላ ሲያዩት ቁልቁለት ነው» አለኝ። ይህን አባባል መጽሐፍ ላይ ባገኘው ኖሮ ከሥሩ አሰምርበት ነበር።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ነው። ሴቶች ባዶ ቆርቆሮ ይዘው ተሰልፈው ጠበቁን። ዘይቱ እስኪቀዳ ሞላ ጋቢናው ውስጥ እንዳለ ክርኑን መስኮት ላይ አሳርፎ መልእክት ያድላል። የአውራጃው ፖስታ ቤት እሱ ነበር።

«ሞላዬ፣ የልጄስ ነገር?» አለች አንዲት ሴት።

«ደኅና ነው እትዬ። ወፍሯል።»

«አይተኸው ነው?»

«አላየሁትም፤ ከጦር ሰፈሩ ግቢ ውስጥ ሆኖ ሲጣራ ሰማሁት። የወፈረ ድምፅ ነው።»

ሴትዮዋ እልል አለች። ሙሉጌታ ፀሐይዋን አየ። እኔ ሙሉጌታን አየሁ።

በሚቀጥለው ቁልቁለት ጨው አራገፍን። በሚቀጥለው ሳሙና አራግፈን የዶሮ ቅርጫት ጫንን። ግንደወይን አጠገብ አባ ተክሌ የሚባሉ ቄስ ጥላቸውን ዘቅዝቀው አስቆሙን፤ እሳቸውም ሞጣ ሰርግ ተጠርተዋል፤ የግራዝማች የንስሐ አባት ናቸው። «መኪና የሚጠቅመው ባለቤቷን ብቻ ነው» የሚለው ንግግሬ ከእያንዳንዱ ቁልቁለት ላይ አንድ አንድ እግሩ እየተቆረጠ ቀረ። ሐጂ ሰይድ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልነበሩም፤ ሞጣ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። እዚህ መንገድ ላይ ግን ሰው ሁሉ «መኪናችን ዘገየችሳ» ነው የሚለው። መኪናቸው አይልም፤ መኪናችን!

ከግንደወይን አለፍ ብለን ደርባባ ማጨስ ጀመረች። ራዲያተሯ ደርቋል። ወንዙ ደግሞ በበጋ ከእሷ የባሰ ደርቋል። ሞላ ቁልቁለት ላይ አቁሟት ወርዶ አየና ወደ ላይ ተጣራ።

«ከላይ ያላችሁት! ጠላውን አውርዱ።»

«የምኑን ጠላ?» አለ አንደኛው ሚዜ። ለሙሽሪት ወገን የያዝነው ጋን ነው።

«የሚጠጣውን።»

«ሞላ፣ ጠላ ለመኪና ይሰጣል?»

«ከተጠማች ምን ላድርጋት? ቅራሪ ካላችሁ ከቅራሪው ጀምሩ።»

ቅራሪ አልነበረንም። ደርባባ የሰርግ ጠላችንን እስከ አተላው ጠጣችው። ከዚያ ወዲያ የሄድንበት መንገድ ሁሉ እንደ ጠላ ቤት ሸተተ፤ ገበሬዎች ከማሳቸው ቀና እያሉ አፍንጫቸውን ወደ እኛ ያዞሩ ነበር። አባ ተክሌ ከላይ ሆነው፣ «እንፋሎቱ ያሰክራል ወይስ አያሰክርም?» ብለው ከሚዜዎቹ ጋር ክርክር ይዘዋል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እኔ ደግሞ ሳላስበው የጋቢናዋን በር እየዳበስኩ «አይዞሽ ደርባባ፣ አይዞሽ» ስል ሙሉጌታ ሰማኝ። ዳማን እንኳ እንዲህ አባብያት አላውቅም።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ሞጣ ገባን። እዚህ ላይ ሞላ መሪውን እንደ ጨበጠ ጉዱን አወጣ።

«የግራዝማች ቤት ሜዳ ላይ ነው» አለ።

«ታዲያ?» አልኩ።

«ታዲያማ ቁልቁለቱ ያለው ከከተማው መውጫ ነው። ደጃቸው ላይ እቆማለሁ፤ ግን አላጠፋትም። እግሬን ከነዳጁ ካነሳሁ ትሞታለች። ስለዚህ እኔ አልወርድም። እናንተ ቶሎ በሉ፤ ሙሽራዋን አውጡልኝ።»

ሰርግ ቤት ቶሎ በሉ! በቅበላ ቀን፣ ሥጋ እስከ ፋሲካ በማይታይበት ዋዜማ፣ ጎጃም ውስጥ!

ደጁ ላይ ስንደርስ የሙሽሪት ወገን በልማዱ መንገዱን ዘግቶ «አናስገባም» እያለ ይዘፍናል። ወርጄ ለመንኳቸው። «እባካችሁ መኪናዋ ልትጠፋ ነው» አልኩ። የተራብኩ መስሏቸው ባሰባቸው። ሞላ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ደርባባ ታጓራለች፤ ሴቶቹም እሷ የምትመልስላቸው መስሏቸው እልልታውን ያቀልጡታል። በመጨረሻ ከፈቱልን። ገባን፤ ተቀመጥን፤ ቁርጡ መጣ።

ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የመጣውም ከደግነት ነው። የሙሽሪት እናት ወይዘሮ አልጋነሽ እንግዳ ሲቆጥሩ አንድ ጎደለባቸው። ወጥተው መኪናዋ አጠገብ ቆሙ።

«ልጄ፣ ሾፌሩ! ምነው ሳትወርድ?»

«ጠግቤያለሁ እናቴ።»

«ከየት ጠገብክ? መንገድ ላይ? በል ውረድ።»

«እናቴ፣ እግሬን ካነሳሁ…»

«በሞቴ!»

ሞላ የዓባይን በረሃ በጨለማ የወረደ ሰው ነው። ፍሬኗ በተበጠሰ ጊዜ እያፏጨ ነው ያቆማት። የእናት «በሞቴ» ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር በሞቴ ተብሎ እንቢ ያለ ሰው የለም፤ ቢኖርም አልተረፈም። ጭራሽ ሴትዮዋ ጉርሻውን ጠቅልለው በመስኮት አስገቡለት። ጉርሻ በተቀመጡበት አይጎረስም፤ ለትልቅ ሰው ብድግ ይባላል። ሞላ ብድግ አለ።

እግሩ ተነሣ። ደርባባ አንዴ አቃሰተች፤ ጸጥ አለች።

በቤቱ ውስጥ ቁርጥ ይዤ ያን ጸጥታ ሰማሁት። ሙሉጌታም ሰማው። ጉርሻ በአፉ እንደ ያዘ ቀረ።

ግራዝማች ነገሩን ሲሰሙ ወጥተው መኪናዋን ዞሯት። ከአጥሩ ማዶ ነጋዴው ታደገ ክርኑን አጥር ላይ አሳርፎ ይመለከታል። ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጫፍ ደርሳለች። በሕይወቴ ስጠብቀው የኖርኩት ቅጽበት መጣ፤ ዳማን አስመጣሁ። ቀይ ዘርፏን እያወዛወዘች፣ አንገቷን ቀልሳ፣ በሜዳው ላይ እንደ እመቤት መጣች።

«ግራዝማች» አልኩ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ «እነሆ በቅሎ። ሞተሪኖ አትፈልግም።»

ግራዝማች አላዩኝም። «በበቅሎ አትወጣም ብያለሁ» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል እንጂ አልተቆጡም። «ቃሌን ሰው ሁሉ ሰምቷል። መኪና ከሌለ የሺ ዛሬ እዚሁ ታድራለች። ነገ ጾም ነው።»

ሙሉጌታ መሬት መሬት አየ። ነገ ጾም ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በክርክር ማሸነፍ እንዴት ያለ ከንቱ ነገር እንደሆነ ገባኝ። በቅሎዬ ትክክል ነበረች፤ ወንድሜ ግን ሊሞት ነው።

የሺ በሚዜዎቿ ተደግፋ በራፉ ላይ ቆማ ነበር። ሙሽራ አትናገርም፤ ልማዱ እንዲያ ነው። መሸፈኛዋን በአንድ ጣት ገለጥ አደረገችና፣ «አባዬ» አለች በለሆሳስ፣ «እኔ ጋቢና ልግባ። ከገባሁማ በመኪና ወጣሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የመኪናዋ ጉዳይ ነው።»

መልስ ሳትጠብቅ ሄዳ ገባች።

ይህቺ ልጅ ምን እንዳደረገች አስተውሉ። አሁን የግራዝማች ደምሴ ልጅ በሞጣ ሕዝብ ፊት፣ በነጋዴው በታደገ ዓይን ሥር፣ በማትንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ይህን አይቶ የሚቆም አባት የለም።

«ሞላ! በሜዳ ላይ አትነሳም ማለት ፈጽሞ አትነሳም ማለት ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ትነሳለች ጌታዬ። ግን ለመግፋት አንድ መንደር ያስፈልጋል።»

ግራዝማች ዞር ብለው መንደሩን አዩት። በሙሉ እዚያው ነበር፤ ሥጋ በልቶ፣ ጠግቦ።

ይሁንና አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ዛሬ ሰንበት ነው። መግፋት ሥራ አይደለም ወይ?»

ዓይን ሁሉ ወደ አባ ተክሌ ዞረ። አባ ተክሌ መስቀላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «ሙሽራ ማጀብ ሥራ አይደለም» አሉ። «በዘፈን ይታጀባል፣ በጭብጨባ ይታጀባል። በትከሻ አይታጀብም የሚል ቃል እስከ ዛሬ አላነበብኩም።» ይህን ብለው ቀኝ እጃቸውን ስፖንዳው ላይ አሳረፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አይቼ የማልረሳው ነው። ቁርጥ ሲቆርጥ የነበረው ከነሽርጡ መጣ። «አናስገባም» ሲሉ የነበሩት ሴቶች አሁን ለማስወጣት ተደረደሩ። ሐጂ ሰይድም ከሱቃቸው ወጥተው መጡ፤ የሰርጉን ሥጋ ባይበሉም መግፋቱን ግን ተካፈሉ። ሙሽራው ከነሙሉ ልብሱ ከገፊዎቹ መካከል ገባ። ግራዝማች መካከል ላይ፣ ነጭ ኩታቸውን እንደ ለበሱ፣ በሁለት መዳፋቸውና በደረታቸው ተደገፉባት። እኔስ? እኔ የዳማን ልጓም ለማን እንደሰጠሁ አላስታውስም። ብቻ ትከሻዬን በግራሶ ከጠቆረው ስፖንዳ ላይ አገኘሁት።

«በሉ!» አለ ሞላ። «አንድ ላይ!»

አልነቃነቅ አለች። እንደገና። መሬቱ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ እሷ ነበረች። ቀስ፣ ቀስ፣ ከዚያ ሮጥ ሮጥ፤ ሞላ ማርሽ አስገባ፤ ደርባባ ሳለች፤ ጥቁር ጭስ፣ ጠላ ጠላ የሚል፣ ፊታችን ላይ ለቀቀችና ተነሣች!

እልልታው ሰማይ ሰነጠቀ። ተቃቀፍን። ግራዝማች ሐጂን አቀፉ፤ እኔ ያን የሰንበት ጠያቂ ሽማግሌ አቀፍኩ። ተቃቅፈን ሳንጨርስ ግን አንድ ነገር አየን። ሙሽራው ከእኛ ጋር ነው። ሙሽራዋ ከሞላ ጋር ናት። ሞላ ደግሞ ቁልቁለቱ እስኪደርስ አይቆምም፤ ቢቆምማ!

የሺ በመስኮት ብቅ አለች፤ መሸፈኛዋ በነፋስ ይውለበለባል። «ሙሉጌታ!» አለች፣ ልማዱን ሁሉ ረስታ። «ና እንጂ!»

ወንድሜ አልጠየቀኝም። ዳማ ላይ ዘሎ ወጣ። በቅሎዬ መኪና ስትፈራ የኖረች እንስሳ ናት፤ ያን ቀን ግን ምን እንደገባት እንጃ፣ በሞጣ አውራ መንገድ ላይ ጭሱን ተከትላ ቀይ ዘርፏን እየበተነች ስትከንፍ፣ ሕዝቡ ከግራና ከቀኝ ያጨበጭብላት ነበር። ሙሽራዋ በመኪና፣ ሙሽራው በበቅሎ ከከተማው ወጡ። መውጫው ላይ፣ ከቁልቁለቱ ሻይ ቤቶች ዘንድ ተገናኙ፤ እዚያ የነበሩ ጉሊተኞች ሰርጉን እንደ አዲስ ጀመሩት ይባላል። እኛ በእግራችን ስንደርስ ሙሉጌታ ጋቢና ውስጥ ገብቶ፣ ሁለቱም ፊታቸው ጥቀርሻ ሆኖ ይስቁ ነበር።

ከፋሲካ በፊት ሙሉጌታን ማንም አልጠራውም። ዳማም ከዚያ ወዲህ በክርክር ውስጥ አልገባችም።

የመጨረሻውን ግን ያየሁት በማግሥቱ ነው። ሞጣ አድሬ ግራዝማችን ልሰናበት ስሄድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። ያንኑ ነጭ ኩታ ለብሰዋል። ደረቱ ላይ ሁለት መዳፍ የሚያህል የግራሶ ጥቁረት አለበት፤ ሌላ ኩታ እንዳላቸው አውቃለሁ። ነጋዴው ታደገ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠብቃቸው ነበር።

«ግራዝማች» አለ፣ «የልጅዎ መኪና በሞተር ነው ወይስ በአማች ነው የምትሄደው?»

ግራዝማች ኩታቸውን አስተካከሉ፤ ጥቁሩ በደንብ እንዲታይ አድርገው።

«የአንተን ልጅ የወሰዳት የመንግሥት መኪና ነው» አሉ። «የኔን የወሰደቻት የራሴ ናት።»

«የራስዎ? ከመቼ ወዲህ?»

«ከገፋኋት ወዲህ።»